ታምሜ ሳለሁ ያልተዘጋው ክፍል

ደሴ የሄድኩት ወድጄ አልነበረም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ ዓመት ያህል እቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ አባቴ የሚያውቃቸው አንድ ሰው ፒያሳ ፎቅ ላይ ያለ የቋንቋና የታይፕ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደሚፈልግ ነገሩት። ትምህርት ቤቱ ናዝሬት፣ ድሬዳዋ፣ ጅማና ደሴ ቅርንጫፍ ነበረው። ከልጅነቴ ጀምሮ የካቶሊክ መነኮሳት ባስተማሩኝ እንግሊዝኛ ተማምኜ ተፈተንኩና አለፍኩ። ፒያሳ የምሠራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሳለ ምድቤ ደሴ መሆኑ ተነገረኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ለእሷ ወሎ ማለት በሬዲዮ የምትሰማው ድርቅና ጦርነት ብቻ ነበር።

"ከዚያ አገር ሰው ይመጣል እንጂ ወደዚያ ይኬዳል?" አለችኝ።

ድርቁ ካለፈ ቆይቷል፣ ዝናቡም ተመልሷል ብላት አልሰማችኝም። እኔም ብሆን ልቤ አልረጋም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ርቄ አድሬ አላውቅም። አውቶቡሱ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ባሕር ማዶ የምሄድ ነበር የመሰለኝ።

ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ዘንድ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሴትዮዋ እስላም ናቸው፤ በቤታቸው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ጨው፣ ላምባ፣ ክርና ሳሙና ይሸጣሉ። ሻንጣዬን ሳላወርድ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣

"ክርስቲያን ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ደግ። ድስትሽን ለይቼ አስቀምጥልሻለሁ። አንቺም የኔን አትንኪብኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የጋራችን ነው።"

ቃላቸውን ጠበቁ። ከድስቱ በቀር ያልተካፈልነው ነገር አልነበረም ብል አላጋነንኩም።

የትምህርት ቤታችን ሕግ ጥብቅ ነበር። ሁሉም ቅርንጫፍ አንድ መጽሐፍ ያስተምራል፤ በየሳምንቱም ሁሉም ያው አንድ ገጽ ላይ መገኘት አለበት። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አንድ የለንደን ቤተሰብ ነው። አባትዬው ሁልጊዜ ዣንጥላው ይጠፋበታል፣ ሁልጊዜ ባቡር ያመልጠዋል። ናዝሬት ያሉት ተማሪዎች ዣንጥላውን ሲፈልጉ ጅማና ድሬዳዋ ያሉትም በዚያው ሳምንት ይፈልጋሉ። እኔም ለንደንን በሕልሜ እንኳ ሳላያት ስለ ዝናቧ አስተምር ጀመር።

የደሴው ቅርንጫፍ ኃላፊ ጋሼ የምላቸው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ፤ ሲናገሩ ቃል ይቆጥባሉ። በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ክፍል ለሁለት ሳምንት ከተቋረጠ አዲስ አበባ ይሰርዘዋል። ክፍል ከተሰረዘ አስተማሪውም አብሮ ይሰረዛል። ሌላውን እየሠራሽ ትለምጂዋለሽ።"

ጥቂት ወራት እንዳስተማርኩ ኮምቦልቻ ካለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥያቄ መጣ። የፋብሪካው የሠራተኛ ማኅበር ሠራተኞቹ እንግሊዝኛ እንዲማሩ ይፈልጋል። ማሽኖቹ የመጡት ከውጭ ነው፤ መመሪያቸው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሊተክሏቸው የመጡት ባለሙያዎች ደግሞ ምሥራቅ ጀርመኖች ናቸው። ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ የሚመልስላቸው አስተርጓሚ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ፣ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ እንዳስተምር ተወሰነ።

ከደሴ ብርድ ሹራቤን ደርቤ እነሣና የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሼ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ በክንዴ እይዛለሁ። ክበቡ ዙሪያውን መስኮት የሆነ ሰፊ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ከትምህርቱ በኋላ ደሴ የሚኖሩትን ሠራተኞች የሚመልሰው የፋብሪካው ሰርቪስ እኔንም ሳይመሽ ሆጤ ያደርሰኛል።

ተማሪዎቹ አብዛኞቹ መካኒኮችና ኤሌክትሪሻኖች ነበሩ። ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ የፈትል ክፍል ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው የሐርቡ ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳቸው እንግሊዝኛ ለምን መማር እንደፈለጉ ጠየቅኳቸው። አንዱ ለዕድገት አለ፣ ሌላው ዝም ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ተነሥታ ቆመች።

"ማሽኔ ሲቆም ፈረንጁ ይመጣል። ይናገራል፣ ይናገራል። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም ስል የማላውቅ ይመስለዋል። ወላሂ፣ ቲቸር፣ እኔ ዝምታ የማውቅ ሰው አይደለሁም!"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ የሚያውቋት ደግሞ የበለጠ ሳቁ።

በሁለተኛው ሳምንት በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ፈረንጅ አጎንብሶ ገባ። ፀሐይ ያቀላው ፊት አለው፤ እጆቹ በግራሶ የጠቆሩ ናቸው። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። አብሮት የመጣው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣

"ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ሚስተርም ሊማር ነው የመጣው" አለ።

ከማሽን ተካዮቹ አንዱ ነበር። እንግሊዝኛው ከተማሪዎቼ ብዙም አይሻልም። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ ከሰዎቹ ጋር በእጁ ብቻ ማውራት እንደሰለቸው ነገረኝ። ሊቀመንበሩም የውጭ ዜጋ ከሠራተኛ ጋር እንዲማር የፋብሪካውን የፖለቲካ ካድሬ አስፈቅዶ እንደነበር፣ ካድሬውም "ይማር፤ ግን ተማሪ ነው" ብሎ እንደፈቀደ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ነገር ፈቃድ መያዝ ግድ ነበር።

ሚስተር የኋላውን ወንበር ያዘ። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለው በጎን ይቀመጥ ነበር። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሁለት አመል ነበረው። እንደ አገሩ አነጋገር "ወ"ን "ቨ" ያደርጋታል፤ "ዋተር" ለማለት "ቫተር" ይላል፣ "ጉድ" ለማለት ደግሞ "ጉት"። ሁለተኛው አመሉ የባሰ ነበር። በጀርመንኛ "አገኘሁ" የሚለው ቃል፣ በእንግሊዝኛ "ሆንኩ" ማለት ከሆነው "ቢካም" ጋር በድምፅ ይመሳሰላል። ስለዚህ ዳቦ ማግኘት ሲፈልግ "አይ ቢካም ብሬድ" ይላል። ዳቦ እሆናለሁ ማለቱ ነው። በታረመ ቁጥር ግንባሩን መትቶ ይስቃል፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ተመልሶ ዳቦ ይሆናል።

እንዲህ እየሆንን ዐቢይ ጾም ገባ፤ የበልጉም ዝናብ መጣ። የኮምቦልቻ ወባ እንደሚያስቸግር ሰምቼ ነበር፤ እኔን ያገኘኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። አንድ ሐሙስ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ብርድ ብርድ አለኝ። በዚያ ሙቀት ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ጠመኔው በእጄ ሲንቀጠቀጥ ያየችው የፈትል ክፍሏ ሴት መጥታ ያዘችኝ። ሰርቪሱ ውስጥ ራሴን በትከሻዋ ላይ አስደግፋ፣ የእሷ መንገድ ወደ ሐርቡ ሆኖ ሳለ እኔን ይዛ እስከ ሆጤ ወጣች።

ሐኪም ቤት መርምረው ወባ ነው አሉኝ። መድኃኒቱን ጀመርኩ። ለቀቀኝ ስል ይመለሳል፤ ተመለሰ ስል ይብሳል። ሳምንቱ አልፎ ሌላ ሳምንት መጣ። ቤት ስላልጻፍኩ እናቴ አታውቅም። ያሉኝ እማማ ብቻ ናቸው። ሱቃቸውን በጊዜ እየዘጉ አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳሉ፤ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል። ምግብ ግን አልበላ አለኝ። ሽሮ ሸተተኝ፤ ጎመን ሸተተኝ። አንድ ቀን ወተት አፍልተው አመጡ።

"ጠጪ" አሉኝ።

"እማማ፣ ጾም ነው። ወተት አልጠጣም።"

"በሽተኛ ይጾማል እንዴ? በእኛ የለም።"

"በእኛም ግድ አይደለም። ግን ቄስ ሳልጠይቅ አልፈታም። ንስሐ አባቴ ያሉት አዲስ አበባ ነው።"

እማማ ወተቱን ከድነው አስቀመጡና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"ያጣሽው ቄስ ከሆነማ ደሴ ቄስ ሞልቷል" ብለው ወጡ።

እየቀለዱ መስሎኝ ተኛሁ። ስነቃ በሩ ላይ ነጭ ጥምጥም አየሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው እየሳቁ ገቡ፤ እማማ ከኋላቸው ቆመዋል።

"ልጄ" አሉ ቄሱ፣ "እኚህ እመቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠብቀው ነው የያዙኝ። 'የክርስቲያን ልጅ እቤቴ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው፤ ኑና ፍቱልኝ' አሉኝ። ወዴት አመልጣለሁ?"

"ውነቴን ነው" አሉ እማማ። "ነገ እናቷ ብትመጣ ምን እላታለሁ?"

ቄሱ አጠገቤ ቆመው ጸሎት አደረሱ። እማማ በሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው፣ ጸሎቱ ሲያበቃ ከእኔ በላይ ጮኽ ብለው "አሚን" አሉ። ቄሱም መስቀሉን አሳልመውኝ፣

"ጠጪ። ስትድኚ ትጾሚያለሽ። አልጠጣም ካልሽ ከእኚህ ሴት ጋር እኔን ነው የምታጣይኝ" አሉኝ።

ጠጣሁ። እማማም ቄሱን ባዶ እጃቸውን አልሸኟቸውም። በዚያ ዘመን ስኳር በቀበሌ ኩፖን ብቻ ነበር የሚገኘው፤ ከዚያች ከወር ራሽናቸው በወረቀት ቋጥረው ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ቄሱ በሱቁ ባለፉ ቁጥር "በሽተኛችን እንዴት አደረች?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። በሽተኛችን ያሉኝን ቃል እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

በአንድ እሑድ የፈትል ክፍሏ ሴት ፓፓያና ሎሚ በዘንቢል ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። እማማና እሷ ወዲያው ተግባቡ፤ የእማማ እናት የሐርቡ ሰው ነበሩ ለካ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ክፍሉ ነበር። ሁለት ሳምንቱ አልፏል። በልቤ ሰርዤዋለሁ።

"ተማሪዎቹ ተበተኑ አይደል?" አልኳት።

"ኧረ አልተበተኑም። ትምህርቱ መቼ ቆመና።"

"ማን እያስተማራችሁ?"

ዞር ብላ ከእማማ ጋር ተያየች።

"አብሽሩ፣ ቲቸር። መጀመሪያ ይዳኑ። ሲመጡ ያዩታል።"

ልታጽናናኝ የተናገረችው መስሎኝ አመሰገንኳት፤ አላመንኳትም ግን።

በዚያው ሳምንት ጋሼ መጡ። ኮታቸው እንደተቆለፈ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከሥራ መሰናበቴን ሊነግሩኝ የመጡ መስሎኝ እኔው ቀደምኳቸው።

"ጋሼ፣ የኮምቦልቻው ክፍል ተሰረዘ?"

"ከአዲስ አበባ ደውለው ነበር" አሉ። "ክፍሉ እየተማረ ነው ወይ አሉኝ። እየተማረ ነው አልኳቸው።"

"ማን እያስተማረ?"

"እሱን አልጠየቁኝም" አሉና ተነሡ።

በሩ ጋ ሲደርሱ መለስ ብለው፣ "ሳትበረቺ እንዳትወርጂ" አሉኝ። ለእኔ የሚያስብ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ትንሣኤ ካለፈ በኋላ በረታሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እማማ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኝተውኝ ወረድኩ። እግሬ ገና ስለማይጠና ከፋብሪካው በር እስከ ክበቡ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ገና ሳልደርስ በመስኮቱ ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ሰው በአንድ ላይ እየጮኸ ነው።

"ቪ ቫንት ቫተር!"

ቆምኩ። እንደገና፣ "ቪ ቫንት ቫተር!"

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ሚስተር እጅጌውን ሰብስቦ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። በአንድ እጁ ጠመኔ፣ በሌላው ያንን የለንደን መጽሐፍ ይዟል። ተማሪዎቼ ሁሉም አሉ፤ አንድም የጎደለ የለም። ሚስተር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። የፈትል ክፍሏ ሴት እጇን አወጣች።

"ኖ፣ ሚስተር። ቲቸር እንደዚህ አላለችንም። 'ሺ ጎ' አይባልም፣ 'ሺ ጎዝ' ነው።"

ሚስተር ሰሌዳውን አየ፤ መጽሐፉን ገለጠ፤ ግንባሩን መታና አረመ። አጠገቧ ያለው ኤሌክትሪሻን "ኦልራይት፣ ቬሪ ጉት" አለው።

በሩን ስከፍት ሁሉም ከወንበራቸው ተነሡ። ሚስተር ጠመኔውን ቶሎ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ፊቱ ይበልጥ ቀላ። ከዚያ ሠራተኞቹ ያስተማሩትን አማርኛ አስታውሶ፣

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ አንተ!" አለኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ሳቄና ለቅሶዬ ተደባለቁብኝ። ሚስተርም እየሳቀ፣ "አይ ቢካም ቬሪ ሃፒ" አለ። በጣም ደስተኛ ሆንኩ ማለቱ ነው። ያቺን ቃል በትክክለኛ ቦታዋ ሲያውላት የመጀመሪያው ነበር፤ እሱ ግን ልብ አላለም።

ከትምህርቱ በኋላ የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ። በቀረሁበት የመጀመሪያ ቀን ቁጭ ብለው ጠብቀውኛል። ሊበተኑ ሲሉ ሚስተር ተነሥቶ፣ ባለፈው ከቆምንበት ቀጥሎ ያለውን ገጽ ሰሌዳው ላይ መገልበጥ ጀመረ። ሳይነጋገሩ ተግባቡ፤ ቁጭ አሉና ጻፉ። ሐሙስም እንዲሁ። የሚያውቀውን አስተማረ፤ የማያውቀውን ከእነሱ ጋር አብሮ ፈለገ። አስተማሪ የለም ብሎ ለደሴ ቢሮ የሚያመለክት አንድ ሰው በመካከላቸው አልተገኘም።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ካድሬው ድንገት ገባ። የውጭ ዜጋ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሠራተኛ ሲያስተምር አየ። የተፈቀደለት ተማሪ ሊሆን ነው እንጂ አስተማሪ ሊሆን አልነበረም። ሊቀመንበሩ በዚያ ቀን አልነበረም።

"ይህን ማን ፈቀደ?" አለ ካድሬው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ማለት ነበር የሚሻለው። የፈትል ክፍሏ ሴት ግን ተነሣች።

"ጓድ፣ ሚስተር እኮ ተማሪ ነው። ሰሌዳ ወጥቶ መልስ እየሠራ ነው።"

"መጽሐፍ ይዞ?"

"ትምህርቱ ከብዶት ነው፣ ጓድ። ብዙ ይሳሳታል፤ እኛ እናርመዋለን።"

ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ያልነከሰ አልነበረም። ሚስተር የሚባለው ባይገባውም ነገሩ ስለ እሱ መሆኑን አውቆ ጠመኔውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ካድሬው ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠና አዳመጠ። ሚስተር ምን ያድርግ? ቀጠለ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ሁለቱንም ተሳሳተ፤ ሁለቱንም አረሙት። ካድሬው ተነሣ።

"ደህና አርሙት" ብሎ ወጣ።

ተመልሶም አልመጣ፣ ማንንም አልጠየቀ። ያ ሰው በልቡ ምን እንዳሰበ አላውቅም። ሁላችንንም ሊያጠፋን የሚችልበትን ነገር አይቶ እንዳላየ ማለፉን ግን አውቃለሁ፤ ለእሱም ያለኝ ምስጋና ከሌሎቹ አያንስም።

በሰኔ የዋናው መሥሪያ ቤት ፈታኝ ከአዲስ አበባ መጣ። የቃል ፈተና ነው፤ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ይጠየቃሉ። ጋሼም ከደሴ ወርደው ነበር። እኔ ከሕመሜ ከተመለስኩ ጀምሮ "ቨ"ውን "ወ" ለማድረግ ያልሞከርኩት የለም። ሠራተኞቹ ግን የያዙትን አጥብቀው ይይዛሉ። ፈታኙ የመጀመሪያውን መካኒክ፣ በወሩ መጨረሻ ምን እንደሚያገኝ በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

"አይ ቢካም ማይ ሳላሪ" አለ መካኒኩ ኮራ ብሎ። ደሞዜን እሆናለሁ ማለት ነው።

ፈታኙ እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው። ሁለተኛው ገባ፤ እሱም ደሞዙን ሆነ። ሦስተኛውም የዓመት ዕረፍቱን ሆነ። ፈታኙ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ እኔ ወጣ።

"አንቺ እንግሊዝኛ የት ነው የተማርሽው?"

"አዲስ አበባ ነው።"

"እነዚህ ሰዎች ግን የሚናገሩት የአዲስ አበባ እንግሊዝኛ አይደለም። የወሎም አይደለም። የት አገር ነው?"

ጋሼን አየኋቸው። ምንም ምልክት አልሰጡኝም። መታመሜንና የሆነውን ሁሉ እንዳለ ነገርኩት። ፈታኙ ፊቱን አጠቆረ።

"ይህ ከሕጋችን ውጪ ነው። ተማሪ ተማሪን አያስተምርም።"

ያን ጊዜ ጋሼ ተናገሩ።

"ሕጉ የሚለው ክፍል አይቋረጥ ነው። አልተቋረጠም። ገጽም አልተዘለለም፤ ከናዝሬትና ከጅማ እኩል ነው ያሉት። የቀሩትን ይስሟቸው።"

ፈታኙ ተመልሶ ገባ። ቀጣይዋ የፈትል ክፍሏ ሴት ነበረች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ። ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ክሩ ሲበጠስ ምን እንደምታደርግ፣ ማሽኑ ሲቆም ማንን እንደምትጠራ፣ ምን ብላ እንደምትነግረው በእንግሊዝኛ አስረዳችው። "ቨ"ው አለ፤ ስሕተቱም አለ፤ ግን አንዴም አልቆመችም። እሱ አንድ ሲጠይቅ እሷ አራት ትመልሳለች። ቆይቶ እሷው ጠያቂ ሆነች፤ አዲስ አበባ ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቀችው። ፈታኙ ሲስቅ ሰማሁ።

ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አለፉ። ከወደቁት አንዱ ሚስተር ነበር። ያስተማራቸው አልፈው እሱ ወደቀ! ውጤቱ ሲነገር ቀስ ብሎ ተነሥቶ የአንዱን እጅ ከጨበጠ በኋላ የሌላውን፣ እንዲህ እያለ ክፍሉን በሙሉ ጨበጠ። ከዚያ በጎን ወደሚቀመጥበት ወንበሩ ተመለሰና፣ ነገም እንደሚመጣ በእንግሊዝኛው ነገረኝ። ነገ ረቡዕ ነው፤ ትምህርት የለም። ክረምቱን ሙሉ ግን ለእሱና ለወደቁት ስል ዝናቡ እየደበደበኝ ወረድኩ። በመስከረም ድጋሚ ተፈትኖ አለፈ።

ውሉ ሲያልቅ ሠራተኞቹ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኙት። ጋቢ አለበሱት፤ በዚያ ሙቀት እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ሳያወልቀው ሄደ። ስሰናበተው በእንግሊዝኛ የነገረኝ፣ አገሩ ሲገባ ለሚስቱ የሚነግራት ስለ ማሽኖቹ ሳይሆን ስለዚያ ክፍል መሆኑን ነው። የፈትል ክፍሏ ሴት ከዓመት በኋላ የፈረቃ ኃላፊ ሆነች። አዲስ ባለሙያ ከውጭ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስጠሩት እሷን ነበር። አልፎ አልፎ እኔ ሳይመቸኝ ሲቀር ጠመኔውን ለእሷ እተውላት ነበር፤ ከእኔ በላይ ትቆጣቸዋለች።

እኔ ደሴና ኮምቦልቻን እየተመላለስኩ ጥቂት ዓመታት ቆየሁ። በኋላ ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ ዋናው መሥሪያ ቤት የደሴውን ቅርንጫፍ ዘጋና ወደ ናዝሬት አዛወረኝ። ስሄድ ጋሼ እጄን ጨብጠው "ደህና ሠርተሻል" አሉኝ። ሁለት ቃል ነው፤ ከእሳቸው ግን ንግግር ነበር።

እማማ አውቶቡስ ተራ ድረስ ወጡ። ሻንጣዬን ያወጣውን ወያላ በደንብ እንዲያስረው ሦስቴ ተቆጡት። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ዱዓ አደረጉልኝ።

"አላህ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይስጥሽ" አሉኝ።

"አሚን" አልኩ።

አውቶቡሱ ተነሣ። ናዝሬት ስደርስ ማንንም አላውቅም ነበር፤ ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ አልፈራሁም። በማግሥቱ ጠዋት፣ እማማ "ሰው ይስጥሽ" ያሉኝን እያሰብኩ፣ አዲሱን ክፍል ከፍቼ ገባሁና፣ ተማሪዎቹን ስማቸውን ከመጠየቄ በፊት ማን ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው።